ያለ ዲዛይን ሙያ የድረ ገጽ ምስል ማዘጋጀት፦ ከሀዋሳ ነጋዴዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ፣ ካፌ፣ የቡና መሸጫ ወይም የልብስ ስፌት ከፍተው ድረ ገጽ ያሠሩ፣ የምስሉን ቦታ ግን «ለጊዜው» ባዶ የተዉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ገጹን የሠራላቸው ልጅ ሥራውን አስረክቦ ሄዷል፤ ዲዛይነር ለመቅጠር ደግሞ ገንዘብ አልተረፈም። እነዚህ ጥያቄዎች የእነርሱ ናቸው። መልሶቹን ስጽፍ ከፊቴ ያቆምኩት አንድ ሰው አለ፦ በገዛት ትንሽ የሞባይል ዳታ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ገጽዎን በስልኩ የሚከፍተው ደንበኛ። ምስሉ ለእርሱ ካልደረሰው ወይም ካልተነበበለት ውበቱ ለማንም አይጠቅምም።

ሥዕል አልችልም፤ ዲዛይንም አልተማርኩም። በእርግጥ ራሴ ልሠራው እችላለሁ?

ይችላሉ። ለአንድ ትንሽ ንግድ ድረ ገጽ የሚያስፈልጉት አምስት ስድስት የጠሩ ፎቶዎች፣ በደንብ የተጻፈ የድርጅቱ ስም እና ከገጽ ገጽ የማይለዋወጡ ሁለት ቀለማት ናቸው። ይህ የሠዓሊ እጅ አይጠይቅም። የሚጠይቀው እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤት የሚያሰናዳ ሰው የሚያደርገውን ነው፦ የተዝረከረከውን ማንሣት፣ የሚታየውን ማጽዳት፣ መቀመጫውን ማመቻቸት። ካየኋቸው የማያምሩ ገጾች አብዛኞቹ የተበላሹት አንድ ነገር ጎድሏቸው አይደለም። አበባው፣ ጥላው፣ ኮከቡና ስድስት ዓይነት የፊደል ቅርጽ አንድ ላይ ተጭኖባቸው ነው።

በየትኛው ፕሮግራም ልጀምር? ያለኝ ስልክ ብቻ ነው።

ስልክ ብቻ ካለዎት ካንቫ ይበቃዎታል። እ.ኤ.አ. በ2013 አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ብዙው ነገሩ በነጻ ይሠራል፣ የዘውድ ምልክት ያለበት ክፍያ ይጠይቃል። ኮምፒውተር ካለዎት ለፎቶ ጊምፕን፣ ለዓርማና ለመስመር ሥዕል ኢንክስኬፕን ያውርዱ። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ነጻ ናቸው፤ ከተጫኑ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ መስመሩ በሚቋረጥበት ቀን ይህ ትልቅ ነገር ነው። በፎቶሾፕ የተሠራ ፋይል ደርሶዎት መክፈት ካቃተዎት ደግሞ ፎቶፒያ የተባለው ድረ ገጽ እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ይከፍትልዎታል።

ስለ ካንቫ አንድ ነገር ልለምንዎት፦ ተዘጋጅተው የቀረቡትን ንድፎች እንዳሉ አይውሰዱ። እርስዎ የወደዱትን ንድፍ ከመንገዱ ማዶ ያለው ካፌም ወዶታል። አቀማመጡን ብቻ ይዋሱ፤ ፎቶው፣ ቀለሙና ቃሉ የእርስዎ ይሁን።

ፎቶውን ራሴ ላንሣ ወይስ ከኢንተርኔት ልፈልግ?

ራስዎ ያንሡ። ያለዎት ትልቁ ሀብት ቦታው ራሱ ነው፤ ማንም ዲዛይነር ከአዲስ አበባ ሆኖ ሊፈጥረው አይችልም።

ሀዋሳ ላይ ሰዓቱን መምረጥ ግማሹን ሥራ ይሠራልዎታል። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ፊትዎን ወደ ሐይቁ ሲያዞሩ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ትሆናለች፤ ጀልባው፣ ዛፉ፣ የሰው ፊት ሁሉ በርቶ ይታያል። ወደ ማታ ከሆነ ግን ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ስለምትወርድ ከፊት የቆመው ነገር ጥቁር ጥላ ይሆናል። የፀሐይ መጥለቂያን ለማሳየት ያ ያምራል፤ በረንዳዎን፣ ወንበርዎንና አስተናጋጅዎን ለማሳየት ግን አይሆንም።

የመኝታ ክፍል ሲያነሡ መጋረጃውን ይክፈቱና አምፖሉን ያጥፉ። የአምፖሉ ቢጫ ብርሃንና የመስኮቱ ብርሃን ሲቀላቀሉ ነጩ አንሶላ ያደፈ ይመስላል። ጥግ ላይ ይቁሙ፣ ስልኩን በደረትዎ ከፍታ ይያዙ፣ አያዘንብሉት።

ምግብ ከሆነ ሳህኑን መስኮት አጠገብ ያስቀምጡ፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ፍላሹ ይጥፋ። የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ እንውሰድ። ብርሃን ከፊት ሲመታው አንድ ወጥ ቡናማ ነገር ነው። ከጎን ሲመታው ግን በቢላዋ የተተለተለው ቆዳ እያንዳንዱ ጠርዝ ተነሥቶ ይታያል፣ ሎሚው ያበራል፣ ዳጣው መቅላቱ ይለያል። ከሁሉ በፊት ግን የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ይጥረጉ። ወጥ ቤት የሚውል ስልክ ሌንሱ ላይ ስስ የዘይት ሽፋን አለው፤ «ካሜራዬ ደካማ ነው» ብለው ያሳዩኝ ብዙ ፎቶዎች ያደበዘዛቸው እርሱ ነበር።

ከጉግል ያገኘሁትን ምስል ብጠቀም ምን አለበት?

ጉግል ፈላጊ እንጂ የምስሉ ባለቤት አይደለም። ፎቶ በኢትዮጵያም በሕግ የተጠበቀ ሥራ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ጭምር ይመለከታል። የግድ ከሆነ አንስፕላሽ፣ ፔክስልስ እና ፒክሳቤይ ለንግድም ጭምር በነጻ መጠቀም የሚቻሉ ፎቶዎች አሏቸው። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይም የሀዋሳ ፎቶዎች አሉ፤ እዚያ ግን በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የተጻፈውን ፈቃድ ያንብቡ፣ ብዙዎቹ የአንሺው ስም እንዲጠቀስ ይጠይቃሉ።

ሕጉ ቢፈቅድም እንኳ የሌላ አገር ሐይቅ አምጥተው የእርስዎ በረንዳ ፊት ያለ አስመስለው አይለጥፉ። እንግዳው አንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ በርዎ ላይ ይቆማል።

ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጆችን አንሥቻለሁ። ገጼ ላይ ማውጣት እችላለሁ?

ሰው የሚለይበት ፎቶ ከሆነ ባለቤቱን ያስፈቅዱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። ከሕጉም በላይ ጨዋነት ነው፤ መረቡን የሚፈታው ሰው ሥራ ላይ ነው ያለው። ፎቶውን እዚያው ያሳዩት፣ ለምን እንደሚፈልጉት ይንገሩት፣ በስልኩም ይላኩለት። ከፊት ይልቅ እጁን፣ መረቡንና ዓሣውን ቀርበው ቢያነሡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ፎቶ ይወጣል። እዚያ የሚቆሙትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን፣ ማስፈቀድ አይጠበቅብዎትም።

በኮምፒውተሬ ያማረው አማርኛ ስልክ ላይ ሲከፈት ሳጥን ወይም የላቲን ፊደል ይሆናል። ለምን?

ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ከሆነ፣ ጽሑፉ የተጻፈው እንደ ፓወር ግዕዝ ባለ የቀድሞ ፎንት (የፊደል ቅርጽ ፋይል) ነው። እነዚያ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ያሳዩ ነበር፤ ፎንቱ የሌለበት ስልክ ከሥር ያለውን ላቲን ያወጣዋል። በየማተሚያ ቤቱ የተቀመጡ ብዙ የቆዩ የዋጋ ዝርዝሮች እንዲህ ናቸው። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛው እትም ነው፤ የዛሬ ስልኮች የአማርኛ መጻፊያ በዩኒኮድ ስለሚሠራ ጽሑፉን እንደገና በስልክዎ ቢጽፉት ይድናል። ባዶ ሳጥን ከሆነ ግን ጽሑፉ ደህና ነው፤ የመረጡት ፎንትም ሆነ ስልኩ የግዕዝ ፊደል የላቸውም።

ለድረ ገጽ የምመክራቸው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን እና አቢሲኒካን ነው። ሦስቱም በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ገጹ ላይ መጫን ይፈቀዳል። የራስዎን ፎንት ካንቫ ላይ ለመጫን ግን የሚከፈልበት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እዚያ ካሉት ውስጥ ይምረጡና ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይፈትኑት፦ «ጓደኛዬ ቋንቋውን አጥንቷል፤ ዋጋው 350 ብር ነው።» ጓ፣ ቋ እና ቷ ካልጠፉ፣ ድርብ ሠረዙና አራት ነጥቡ በቦታቸው ከሆኑ፣ ቁጥሩም ከፊደሉ ጋር ከተመጣጠነ ፎንቱ ይሆናል።

ፎንቱ ትክክል ነው፤ ግን ጽሑፌ ተጨናንቆ አይነበብም።

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ እኛው ፊደል ውስጥ ነው። «ሌሊት» የሚለውን ቃል በትንሹ ጽፈው ይመልከቱት። «ሌ» እግሯ ላይ ትንሽ ቀለበት አላት፣ «ሊ» ደግሞ ትንሽ አግድም መስመር። ጽሑፉ ሲያንስ ቀለበቷ ትደፈንና ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ላቲን እንዲህ ያለ ልዩነት በፊደል ጫፍ ላይ አያበዛም፤ ስለዚህ ለእንግሊዝኛ የሚበቃው መጠን ለአማርኛ ያንሳል። እኔ በስልክ ላይ ለተራ ጽሑፍ ከ17 ወይም ከ18 ፒክስል (የማያ መለኪያ ነጥብ) አልወርድም፤ በመስመሮች መካከል ያለውንም ርቀት የፊደሉን መጠን 1.6 ወይም 1.7 እጥፍ አደርገዋለሁ።

ማድመቅም እንዲሁ ነው። አቢሲኒካ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ አድምቅ ሲሉት ፕሮግራሙ በግድ ያወፍረዋል፣ የ«ጨ» እና የ«ሜ» ውስጥ ይደፈናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ዘጠኝ የተሣሉ ውፍረቶች ስላሉት ለርእስ እርሱን ይጠቀሙ። ግዕዝን ወደ ጎን ማዝመም ደግሞ ይቅርብዎት፤ ፊደሉ የቆመ ነው፣ ቆሞ ይታይ።

ዋጋና የምግብ ዝርዝር ምስሉ ላይ ልጻፍ?

አይጻፉ። ይህን የምለው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ለአንድ ካፌ የምግብ ዝርዝሩን በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ምስል አድርጌ ሠራሁ፤ በኮምፒውተር ሲታይ እንደ ታተመ ያምር ነበር። በስልክ ሲከፈት ያ ሁሉ ዝርዝር በመዳፍ ስፋት ተጨምቆ ገባ። ሰው በሁለት ጣቱ እየለጠጠ፣ ወዲያና ወዲህ እየጎተተ ያነብበዋል፤ አብዛኛው ግን ይዘጋዋል። ብዙም ሳይቆይ የዓሣ ዋጋ ተለወጠ። ምስሉን የሚያስተካክል ሰው እስኪገኝ ድረስ አስተናጋጆቹ ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ ሰነበቱ። ያንን ክርክር ያመጣሁት እኔ ነበርኩ።

ዋጋ፣ ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ እና የሥራ ሰዓት ሁልጊዜ በጽሑፍ ይቀመጡ። ያኔ ጉግል ያገኛቸዋል፣ ደንበኛው ቁጥሩን ነክቶ ይደውላል፣ እርስዎም ከስልክዎ ያስተካክሏቸዋል። ምስሉ ላይ የሚጻፈው ከአራት አምስት ቃላት ባይበልጥ እመርጣለሁ። ለእያንዳንዱ ምስልም አማራጭ ጽሑፍ ይሙሉለት፤ «ምስል 4» ሳይሆን «ወደ ሐይቁ የሚያይ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል» ብለው። ማየት የተሳነው ሰው ስልኩ ያንን ያነብለታል፣ ምስሉ ያልወረደለትም ሰው ምን እንደቀረበት ያውቃል።

ገጹ በአማርኛና በሲዳምኛ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ቦታ። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ይይዛል፤ ሲዳምኛ ደግሞ በላቲን ይጻፋል፣ ረጅም አናባቢውንም ደርቦ ይጽፈዋል። ሀዋሳ በግዕዝ ሦስት ፊደል ሲሆን በላቲን ሰባት ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ማስታወቂያ መጀመሪያ ረጅም በሚሆነው በሲዳምኛው ይሥሩት፤ እዚያ ከገባ አማርኛው አይቸግርም። ሲዳምኛውን በግማሽ መጠን አሳንሶ ከሥር መለጠፍ ግን አንባቢውን ሁለተኛ ማድረግ ነው፤ እባክዎ እኩል ያድርጓቸው።

ስንት ቀለም ልጠቀም?

አንድ ዋና፣ አንድ አጋዥ፤ የቀረው ነጭና ጥቁር። ቀለሙን ከቦታዎ ይውሰዱ፤ ከበርዎ ቀለም፣ ከቡናው ፍሬ፣ ከሐይቁ ዳር ቄጠማ። በየፕሮግራሙ አንድ ዓይነት እንዲሆን ቀለሙን ሲመርጡ ፕሮግራሙ የሚያሳይዎትን ባለ ስድስት ምልክት የቀለም ኮድ ማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ።

ጽሑፍና ጀርባው መለያየት አለባቸው። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ነጭ ጽሑፍ በደማቅ ቢጫ ላይ 1.1 እንኳ አይሞላም። ልዩነቱን የሚለኩ ነጻ ድረ ገጾች አሉ፤ የእኔ መለኪያ ግን ቀላል ነው፦ በቀትር ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ መውጣት። ፀሐይ ላይ ቆመው ካነበቡት ደንበኛውም ያነብበዋል።

ገጼ ለመክፈት ለምን ይዘገያል?

ፎቶውን ከስልክዎ እንዳለ ስለጫኑት ነው። 12 ሜጋፒክስል የሆነ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ነው፤ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ 4 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። የብዙ ስልኮች ማያ ግን ወርዱ 1080 ፒክስል ነው። የቀረው ሁሉ ተጭኖ መጥቶ የማይታይ ሸክም ነው። እንዲህ ያሉ 12 ፎቶዎች 48 ሜጋባይት ይሆናሉ፤ ያንን ዳታ የሚከፍለው ክፍልዎን ሊከራይ ያሰበው ሰው ነው። እያንዳንዱን ወደ 150 ኪሎባይት ቢያወርዱት ግን ሁሉም በአንድ ላይ 2 ሜጋባይት አይሞሉም።

የሚደረገው ይህ ነው። ስኩሽ የሚባለውን ነጻ ድረ ገጽ ይክፈቱ፣ ፎቶውን ይጫኑ፣ ወርዱን 1600 ያድርጉት፣ ጥራቱን 75 አካባቢ ላይ ያቁሙ። መሐል ላይ ያለውን መስመር ግራና ቀኝ ሲጎትቱ የፊተኛውና የኋለኛው ጎን ለጎን ይታያሉ። የአንሶላው እጥፋት ወይም የዓሣው ቆዳ እስኪደበዝዝ ድረስ ጥራቱን ይቀንሱ፣ ከዚያ ትንሽ መለስ ይበሉ። ሥራው የሚከናወነው እዚያው ኮምፒውተርዎ ላይ ስለሆነ ፎቶው ወደ ማንም አይላክም። ዋናውን ፎቶ ግን አያጥፉት፤ አንድ ጊዜ ያነሰ ፎቶ ተመልሶ አያድግም።

ጄፔግ፣ ፒኤንጂ፣ ዌብፒ፣ ኤስቪጂ፤ ምስሉን በየትኛው የፋይል ዓይነት ላስቀምጥ?

ለፎቶ ዌብፒ፣ ካልሆነም ጄፔግ። ዌብፒን ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ሲሆን በተመሳሳይ ጥራት ከጄፔግ በሩብ ያህል ይቀልላል፤ የዛሬ ብሮውዘሮች ሁሉ ይከፍቱታል። ጀርባው ባዶ ለሆነ ዓርማ ፒኤንጂ። ዓርማው ከመስመርና ከቅርጽ ብቻ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ኤስቪጂ፤ የሚይዘው ነጥብ ሳይሆን የመስመሩን ስሌት ስለሆነ በስልክም በሰሌዳም ላይ አይደበዝዝም። ፎቶን በፒኤንጂ አያስቀምጡ፤ ያለ ጥቅም ይከብዳል።

የገጼን ሊንክ ቴሌግራም ላይ ስለጥፍ ፎቶ አይወጣም።

ለማጋሪያ የሚሆን አንድ ምስል 1200 በ630 ፒክስል አድርገው ያዘጋጁና በገጹ ቅንብር ውስጥ የማጋሪያ ምስል በሚለው ቦታ ያስገቡት። ዳር ዳሩ ሊቆረጥ ስለሚችል ስሙን መሐል ላይ ያድርጉት። አሮጌው ምስል አልለቅ ካለ፣ ቴሌግራም ላይ ዌብፔጅ ቦት ለተባለው ሊንኩን ይላኩለት፤ ያድሰዋል።

ዓርማዬን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ባሠራስ? ፎቶዎቹንስ?

ሐሳብ ለማግኘት ይጠቀሙበት። የግዕዝ ፊደል ግን ብዙውን ጊዜ ያበላሻል፤ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ቅርጽ ይሥላል፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰውም ላይታወቅ ይችላል። ስምዎን ራስዎ በፎንት ይጻፉት። ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ ዓርማ የለም፦ በጥሩ ፎንት የተጻፈ ስም፣ በዋናው ቀለምዎ፣ ዙሪያውን በቂ ባዶ ቦታ ያለው። ለክፍል፣ ለምግብና ለዕቃ ፎቶ ግን ፈጽሞ አይጠቀሙበት። ደንበኛው የሚከፍለው ለሚያየው ነገር ነው፤ የሚያየው ነገር መኖር አለበት።

መቼ ነው ባለሙያ መጥራት ያለብኝ?

ሰሌዳ፣ የዕቃ ማሸጊያ ወይም ብዙ ቅጂ የሚታተም ነገር ሲመጣ ይጥሩ፤ ወረቀት ላይ የወጣ ስህተት እንደ ድረ ገጽ አይታረምም። ቡናዎን ከአገር ውጭ ለመላክ ማሸጊያ ሲያስቡም እንዲሁ። ሲሄዱ ያልተቀነሱትን ዋና ፎቶዎች፣ የቀለም ኮድዎን እና የፎንትዎን ስም ይዘው ይሂዱ። በቴሌግራም ከላኩላቸው በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩ፤ በፎቶ ሲላክ ያንሳል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የዓርማውን የኤስቪጂ ፋይል ሳይቀበሉ ሒሳብ አይዝጉ።